ጣሪያው እስኪጸዳ

መስከረም 20 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካሉበት ይድረስዎ። እንዴት ሰነበቱ? ልጅዎስ እንዴት ናት? መቼም ይህች ደብዳቤ ስትደርስ በሰላም ተገላግላ፣ እርስዎም ሕፃኑን በአንድ እጅ ታቅፈው በሌላው ወረቀቴን ይዘው እንደሚያነቡ ይታየኛል። እኔ ደህና ነኝ። ቤትዎም ደህና ነው።

እርስዎን ሸኝቼ ስመለስ ቤቱ ሰፋብኝ። ሳሎኑን ዞርኩት፣ የስፌት ክፍልዎን ዞርኩት፣ መኝታ ቤትዎን ከፈት አድርጌ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ምን ይሠራል? ሻንጣዬን ሳልፈታ መስኮቶቹን ሁሉ ወለወልኩ። አባቴ «ይቺን ችኩሌ ቤት አስጠብቃለሁ ብለሽ ነው? ወንዝ ጠብቂ ብትባል ቀድማው የምትወርድ ልጅ ናት» ያለዎት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ግን አይስጉ። ቁልፉን ከእጅዎ ስቀበል አደራ ብለውኛል፤ እጅ በእጅ እስክንረካከብ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። የታችኛው ከተማ ውሃ ጽሕፈት ቤት ፈተናውን አልፌያለሁ! ቦታ ሲለቀቅ እንጠራሻለን ብለውኛል። እስኪጠሩኝ እርስዎም አራስዎን አጠንክረው ስለሚመለሱ ነገሩ ልክ በልክ ይገጥማል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎ አላልፍም፤ ጣሪያዎ ጠጉር አብቅሏል። ያ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበው የሬንጅ ክዳን፣ ሺንግሉ፣ ዛፉ ባጠላበት በኩል ከጫፍ እስከ አሸንዳው ጥቁር እንባ የወረደበት ይመስላል። መጽሐፌ አልጌ ይለዋል። ከበላዩ ደግሞ ያ ለስላሳ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት እንደ ምንጣፍ ተኝቶበታል። በጣቴ ብጫነው ውሃ ተፋ። ምን ላድርገው?

እጅ የምነሳዎ ልጅዎ፣
ችኩሌ

ጥቅምት 28 ቀን

ለልጄ ለችኩሌ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ የተማርሽው ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ነው፤ ግንባሩ የሟቹ ባሌ ነው፤ ቁጣው ግን የማን እንደሆነ እንጃ።

የምንኖረው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ከሕፃኑ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ነኝ። አልጋዬ ጠዋት ጠዋት ተጣጥፎ ግድግዳ ይደገፋል፣ ማታ ይዘረጋል። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ጀርባ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ልብስ ስታሰጣ አያለሁ። እጅ እንነሳሳለን። ስሟን አላውቅም።

ስልክ አትደውዪ። ስልኩ የልጄ ነው፣ ሲጮህ ሕፃኑ ይነቃል፣ ደግሞም ሰው ባለበት ምን ይወራል? ጻፊልኝ። ስትጽፊ ግን የዘራችንን ወግ አትርሺ፤ በእኛ ቤት ክፉ ወሬ በወረቀት አይላክም። አያትሽ «ክፉ ወሬ ከሆነ እግር አውጥቶ ይምጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ» ይሉ ነበር። ፖስታ ስከፍት እንዳልሰጋ ደህና ደህናውን ጻፊ።

ጣሪያውን አደራ። ሰፈሩ «የጣሪያዋን ሽበት እንኳ አታይም» ብሎ እንደሚያማኝ አውቃለሁ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ቢሆንም። እኔ ሽበት ካበቀለ ጣሪያ ሥር ገብቼ አልተኛም። አጽጂልኝና «ጸድቷል» ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ሻንጣዬን አነሳለሁ። ልጄ ጥቂት ቆዪልኝ ብላኛለች፤ ጥቂት ነው።

ወፍራሙን ካፖርቴን ላኪልኝ። እዚህ ይበርዳል።

አክስትሽ

ኅዳር 6 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለአያትነት አበቃዎ! ሕፃኑ እንደ ግንባሩ ሰፊ ዕድል ይኑረው። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፣ ዛሬ እየመለስኩ ነው፤ ካፖርትዎም ተልኳል።

«የጻፍሽልኝ ቀን ሻንጣዬን አነሳለሁ» ያሉትን ሦስቴ አነበብኩትና በዚያው ወደ መኪና እጥበቱ ሮጥኩ። የውሃ ግፊት የተማርኩት ለምን ሆነና! ማሽኑን ለግማሽ ቀን ተከራይቼ በረንዳው ላይ መሰላል አቆምኩ። የአጥር ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ወንበሩን አውጥቶ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ዲግሪሽን ጣሪያ ላይ ልታሰጪው ነው?» አለኝ።

እኔም ሞተሩን አስነሳሁት። አክስቴ፣ ክፉ ወሬ አይጻፍም ስላሉኝ ደህናውን ብቻ ልጻፍ። አረንጓዴው በአንድ ጊዜ ለቀቀ። አብሮትም ሺንግሉ ፊት ላይ የተነሰነሰው ጠጠር እንደ ጥቁር ስኳር ወደ አሸንዳው ወረደ። አሁን ከበረንዳው በላይ፣ ጣሪያው ጥግ ላይ፣ ትሪ የምታህል ቦታ ከሌላው ቀድማ ራሰ በራ ሆናለች። ያ ጠጠር ሬንጁን ከፀሐይ የሚከልለው ቆዳው ኖሯል። ማሽኑን ወዲያው መለስኩ። ሾፌሩ እንኳ አልሳቀም፤ «ቸኩለሽም ቢሆን በጊዜ ቆምሽ» ብሎኝ ወንበሩን አስገባ።

ማታውን ቁጭ ብዬ አንብቤበታለሁ። በበረኪና ነው የሚሠራው፤ በመርጫ ተረጭቶ፣ ያለ ግፊት። ይፍቀዱልኝና ልጀምር። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ችኩሌ

ጥር 2 ቀን

ለልጄ ለችኩሌ፣

እንዴት ከረምሽ? ፈጣሪ ከመሰላል መውደቅ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። የዘገየሁት በደህና ነው። ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ፈረቃዋ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ሌሊት ነው፤ ሕፃኑ ከእኔ ክንድ አይወርድም። አሁን መቀመጥ ጀምሯል። ትራስ ደግፌለት እንደ ዳኛ ተቀምጦ ያየኛል። ለፖስታ ቤት ስወጣ ይዤው ነው የምወጣው፤ ያም ቢሆን ልጄ ስታርፍ ብቻ።

ማሽኑን ስለመለስሽ ደስ ብሎኛል። በበረኪናው ይሁን። ነገር ግን ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ጣሪያው ላይ እግርሽን እንዳታሳርፊ፤ ያ አረንጓዴ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ከመሰላል ሆነሽ ሥሪ። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር፤ ሾፌሩ ነገረኛ ቢሆንም እጁ ብርቱ ነው። ጽጌረዳዎቼን እንዳታቃጥዪብኝ።

ቶሎ ከሠራሽ ቶሎ እመጣለሁ። ልጄ ደግሞ ሞግዚት እስክታገኝ ጥቂት ቆዪልኝ ብላለች።

ትልቁን የስፌት መቀሴንና ቡናማ ጫማዬን ላኪልኝ። የሕፃኑን ልብስ ላሳጥር ብዬ ነው።

አክስትሽ

ጥር 19 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለእናቲቱና ለትንሹ ዳኛ ይሁን። መቀሱና ጫማው መንገድ ላይ ናቸው።

ጣሪያው ጸድቷል! ይህን ቃል መጀመሪያ ልጽፍ ነበር፣ ሰላምታው ይቅደም ብዬ እጄን ያዝኩ። አሁን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርዎ።

ደመናማ ቀን መረጥኩ። በመጀመሪያ ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ የሚወርደውን ቱቦ ነቀልኩት፤ አለዚያ በረኪናው ከመጠጫ ውሃችን ይገባ ነበር። ጽጌረዳዎችዎን በንጹሕ ውሃ አጠጥቼ ላስቲክ አለበስኳቸው። ከመብራት ሠራተኞች የወገብ ቀበቶ ተዋስኩ፤ ገመዱን በጣሪያው ላይ አሳልፌ በዚያ ማዶ ካለው ዛፍ ግንድ ጋር አሰርኩት። ጓንት፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። በረኪናውን ከእኩል ውሃ ጋር መርጫው ውስጥ ቀላቀልኩ፤ ሌላ ሳሙና ጠብ አላልኩበትም፣ ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጭስ ያወጣል።

ሾፌሩ መሰላሉን ያዘ። «ፍሬን ይዣለሁ፣ ንጂ» አለኝ። ከታች ወደ ላይ እየረጨሁ ሄድኩ፣ መሰላሉን እያዛወርን። ትንሽ አቆይቼ በጎማ ውሃ ከላይ ወደ ታች በቀስታ አጠብኩት። ጥቁሩ እንባ ዓይኔ እያየ ሳሳ። አረንጓዴው ግን ያን ቀን አልወረደም፤ ነጭ ሆኖ ደረቀና ከቀናት በኋላ እየተነሳ አሸንዳው ውስጥ ወደቀ። የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ወደ ታች ብቻ ጠረግሁት፤ ወደ ላይ ከተጠረገ የሺንግሉን ከንፈር ያነሳዋል።

መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኜ ወደ ታችኛው ከተማ የሚወርደው መንገድ ይታየኝ ነበር። አውቶቡሶቹ እስኪጠፉ ድረስ ባይኔ እሸኛቸዋለሁ። ሾፌሩ ከታች «ያ የኔ መስመር ነበር፣ ሲመለስ ሁሌ ባዶ ነው፣ የሄደ አይመለስም» እያለ ይቀልዳል።

ደግሞ ተጠርቻለሁ፣ አክስቴ! የመምሪያ ኃላፊዋ ራሷ ናት የጠራችኝ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ሥራ ላይ መገኘት አለብኝ። ጣሪያውም ጸድቷልና ይኸው ሻንጣዎን ያንሱ። የመድረሻ ቀንዎን ይጻፉልኝ፣ ከመናኸሪያ እቀበልዎታለሁ፤ ቁልፉን እዚያው አስረክቤዎ በመጡበት መኪና እሄዳለሁ!

ችኩሌ

መጋቢት 25 ቀን

ለልጄ ለችኩሌ፣

ሰላምሽ እንደ ባሕር አሸዋ ይብዛ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በልጅነቴ ለእናቴ ደብዳቤ አነብላት እንደነበረው ለሕፃኑም ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «ፍሬን ይዣለሁ» የሚለው ላይ ሳቀ። እጅሽ ይባረክ። አንቺ ባትኖሪ ያ ቤት ምን ይሆን ነበር?

ግን የኔ መሐንዲስ፣ ነገሩ በእጥበት ብቻ ያበቃል? ዛፉ እስካጠላ ድረስ ያ ሽበት ተመልሶ ይመጣል። ያጎነበሱትን ቅርንጫፎች ብታስቆርጪልኝ። ከጣሪያው ጫፍ በታች ደግሞ የመዳብ ጥብጣብ ቢመታበት ዝናቡ መዳቡን እያጠበ ሲወርድ አልጌው አይበቅልም አሉ። ይህን ከጨረስሽልኝ ጣሪያው በቃ ጸዳ ማለት ነው።

ሕፃኑ አሁን ያለ ትራስ ይቀመጣል። ሞግዚት አልተገኘም። ልጄ ደክማ ትመጣለች፤ ስለ መንገዴ ላነሳባት እልና ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት አያለሁ። ጥቂት ነው።

ሥራሽ ይጠብቅሻል፤ አንቺን የመሰለ ልጅ ከየት ያገኛሉ?

የባሌን ፎቶ ላኪልኝ፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን። ሕፃኑን ከእሱ ጋር ላስተያየው ብዬ ነው። ከነመስታወቱ፣ ከነክፈፉ።

አክስትሽ

ሚያዝያ 4 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ።

ቅርንጫፎቹ ተቆርጠዋል። መዳቡም ተመትቷል፤ ይህን ባለሙያ ነው የሠራው፣ እግር ማሳረፍ ስለሚጠይቅ እኔ አልደፈርኩም። ፀሐይ አሁን በኩሽናው መስኮት ትገባለች፤ ጠዋት ስነሳ ሌላ ሰው ቤት የነቃሁ ይመስለኛል። ጣሪያው ላይ የቀረ ሥራ የለም፤ ፈልጌ ነበር።

ኃላፊዋ ዘንድ ሄጄ ለመንኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ የሚያስቀርሽ ባል ነው ወይስ በሽተኛ?» አለችኝ። ቤት ነው አልኳት። እስከ ሰኔ መጀመሪያ ጠብቃኝ ከዚያ ወዲያ ቦታውን ለተከታዩ እንደምትሰጥ ነገረችኝ።

ፎቶውን በካርቶን አጥብቄ አሽጌ ልኬያለሁ። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ አሁን በደንብ ታውቀኛለች። ካፖርቱን የመዘነች እሷ፣ መቀሱንና ጫማውን እሷ። ፎቶውን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ሳቀችና «አክስትሽ ቤቱን በፖስታ ልትጨርሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ቤት ስመለስ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከግድግዳው ሁሉ ነጥቶ ጠበቀኝ። ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

የሚመጡበትን ቀን ብቻ ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም ባይጽፉ።

ችኩሌ

ግንቦት 22 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ እንደወትሮው ነው፤ አክብሮቴም እንደወትሮው። መልስዎን በየቀኑ ፖስታ ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሠራተኛዋ አሁን ስገባ ገና ከበሩ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ወረፋ እንዳልይዝ አዝናልኝ ነው።

አባቴን በስልክ አማከርኩት። «አደራ በላ የሚል ስም ከቤቴ እንዳይወጣ» አለኝ። አባዬ፣ እስከ መቼ ብዬ ጠየቅሁት። «እስክትመጣ» አለኝ። ባትመጣስ? ስለው «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም» ብሎ ዘጋው።

እኔም አሰብኩበት። በስልክ አይወራም፣ በወረቀት አይጻፍም። ዓይን ዓይኔን እያዩ እንዲነግሩኝ ደግሞ መምጣት አለብዎት። ሊነግሩኝ ያቃተዎ ነገር ደግሞ መምጣት አለመቻልዎ ነው። ታዲያ በየት በኩል ይነገረኝ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው፤ የውሃ ነገር ደግሞ እኔ ተምሬዋለሁ።

ስለዚህ እርስዎ መጻፍ ያልቻሉትን እኔ ልጻፍልዎ። የዘራችንን ወግ የምሽረው እኔ ልሁን፤ ታናሽ ነኝ፣ ይቅር ይባልልኛል።

አክስቴ፣ አይመጡም።

ይኸው ተጻፈ። እጄም አልደረቀም።

መጀመሪያ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። መናደዱንስ ተናድጃለሁ፤ መዳቡ ሲመታ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እያንዳንዱ ሚስማር ሲገባ «ይህ የመጨረሻው ነው» እያልኩ። በኋላ ግን ደብዳቤዎችዎን አንድ ላይ አንጥፌ አነበብኳቸው። እርስዎ ለእኔ ጥቂት ባሉኝ ቁጥር፣ ልጅዎ ለእርስዎ ጥቂት ብላለች። እርስዎ ያችን የምትታጠፍ አልጋ ጠዋት ሲያጥፉ እኔ እዚህ አራት ክፍል በር ከፍቼ እዘጋለሁ። ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው የለም፤ አውቃለሁ። ከክንድዎ ያውርዱት አልልዎትም። እኔ ግን ሕፃን አይደለም የያዝኩት። በሩን ብለቀው አያለቅስም።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ውሃውን ከቆጣሪው ዘግቻለሁ፣ መብራቱን አጥፍቻለሁ፣ ቱቦውን ወደ በርሜሉ መልሻለሁ። ቁልፉን ለሾፌሩ ልስጠው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን «እጅ በእጅ» ብለውኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። አደራዬን አልበላም። የቤትዎ ዕቃ ሁሉ በፖስታ እጅዎ ከደረሰ ቁልፉም ይደርሳል። ከዚህ ወረቀት ጋር በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

አድራሻዬ ከእንግዲህ የታችኛው ከተማ ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው። አባቴ ያኮርፈኛል። እርስዎም ካኮረፉኝ አልፈርድብዎትም። ቢሆንም ይጻፉልኝ።

ችኩሌ

ሐምሌ 17 ቀን

ለልጄ ለችኩሌ፣ ውሃ ጽሕፈት ቤት፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። በገባሽበት ሞገስ ይስጥሽ፣ ወንበርሽ ይጽናልሽ፣ አለቃሽ እናት ትሁንልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ደህና ናት። ሕፃኑ እየተደገፈ መሄድ ጀምሯል፤ ከሶፋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ። በሩን ስዘጋው በመዳፉ ይመታዋል።

ፖስታሽ ደርሶኛል። ስከፍተው ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሕፃኑ ቀድሞኝ አነሳው። አፉ ውስጥ ሳይከተው ተቀበልኩት።

ለአባትሽ ጽፌለታለሁ። «ልጅህ አደራዬን እጅ በእጅ አስረከበችኝ» ብዬዋለሁ። ሌላ የሚጠይቅሽ ነገር የለም፤ ከጠየቀሽ ወደ እኔ ላኪው።

ቁልፉን ለሾፌሩ በፖስታ ልኬለታለሁ። ጽጌረዳዎቹን እያጠጣ ይቆያል፤ ቤቱ የሚገባበት ሰው እንዲፈልግ የሚያናግረው ደላላም አለ። ከእንግዲህ ከዚያ ቤት የሚላክልኝ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ። ለሚገቡት ሰዎች ስለ ጣሪያው አንዲት ወረቀት ጻፊልኝና ለሾፌሩ ላኪለት፤ አንቺ ታውቂበታለሽ። በማሽን እንዳይነኩት። ሲያጥቡት ቱቦውን ከበርሜሉ ይንቀሉት። ብሩሹ ወደ ታች ብቻ ይሂድ። ሲረጥብ ማንም እንዳይወጣበት ንገሪያቸው፤ ልጆች ይኖሯቸው ይሆናል።

አክስትሽ